ከሐረር፦ ስለ ጋሼ ፔጆና ስለ እኛ ቮልስ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

በስልክ «ቆራሌው ቮልሷን ሊገዛት ይፈልጋል፤ ልሽጣት?» ስትለኝ «ቆይ፣ እጽፍልሃለሁ» ያልኩህ ነገሩ በሁለት ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። መልሴ አትሽጣት ነው። ምክንያቱን ግን እዚህ ካየሁትና በእጄ ከነካሁት ተነስቼ ላስረዳህ።

ለሥራ ስመጣ ከለቡ የተሳፈርኩበት ባቡር ድሬዳዋ አወረደኝ። ከዚያ በሚኒባስ ደንገጎን ሽቅብ ስንወጣ ቆላው ከኋላችን ቀረና አየሩ ቀዘቀዘ፤ ዓለማያንና አወዳይን አልፈን ሐረር ገባን። በግንብ የተከበበውን ጀጎልን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ እንግዳ ሁሉ የሚመጣው ግንቡንና በሮቹን ለማየት ነው። የእኔን ዓይን የያዙት ግን ፈረስ መጋላ የቆሙት ሰማያዊዎቹ ፔጆ 404 ታክሲዎች ናቸው። የቤት መኪናው ፈረንሳይ ውስጥ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960፣ ያበቃው ደግሞ በ1975 ነው። እዚህ ባጃጅ ከተማውን ቢሞላውም ፔጆዎቹ ሰውና ዕቃ ጭነው ይሠራሉ።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ የምሄደው ከግንቡ ውጭ ወዳለው የጋሼ ጋራዥ ነው። ታስታውሳቸዋለህ፤ አዲስ አበባ ሲመጡ እኛ ቤት ያረፉት ወዳጄ ናቸው። በወጣትነታቸው 404 ታክሲ ነድተዋል፤ ኋላ መካኒክ ሆኑ። አሁን ለዓመታት ቆማ የነበረች አንዲት 404 ገዝተው አብረን እያደስናት ነው።

መጀመሪያ ቁልፍ አላስነኩኝም። ደብተር ሰጥተው የእያንዳንዱን ሽቦ መነሻና መድረሻ አስጻፉኝ። ቡሎንና ዳዶው ሁሉ ከየት እንደወጣ ተጽፎበት በየጣሳው ይቀመጣል። «መፍታትማ ማንም ይፈታል፤ ሙያው መግጠሙ ላይ ነው» ይላሉ።

ሞተሯ 1,618 ሲሲ ነው፤ ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ወደ ጎን 45 ዲግሪ ጋደም ተደርጎ ተገጥሟል። ቴስታታውን ያነሳን ዕለት የዕድሜዋ ምስጢር ገባኝ። ሲሊንደሮቹ ከብሎኩ ጋር አብረው የተሠሩ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ለብቻው የሚወጣና የሚገባ ቱቦ ነው፣ ዙሪያውን ውሃ ያቀዘቅዘዋል። ሲበላ ብሎኩ ቶርኖ ቤት መሄድ አያስፈልገውም፤ ቱቦው ከነፒስተኑ ወጥቶ አዲስ ይገባል። ጥንቃቄው ግን ብዙ ነው። ቴስታታው ከተነሳ በኋላ ቱቦዎቹ ሳይታሰሩ ሞተሩን ማዞር ክልክል ነው፤ ፒስተኑ ቱቦውን ይዞት ብድግ ካለ የታችኛው ማሸጊያ ይበላሽና ውሃው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ደግሞም ቱቦው ከብሎኩ ፊት በጣም በጥቂቱ ከፍ ብሎ መቆም አለበት፤ ጓርኒሲዮኑን አጥብቆ የሚይዘው ያ ከፍታ ነው። ጋሼ በመለኪያ ካዩት በኋላ ጣታቸውን ያሳልፉበታል። የእኔንም ጣት ይዘው አሳለፉበት። መለኪያው ቁጥሩን ነገረኝ፤ ልኩን ያወቅሁት ግን በጣቴ ነው።

የመኪናው ጥንካሬ በሩቅም ተመስክሮለታል። 404 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። በ1963 ውድድሩን ከጀመሩት 84 መኪኖች የጨረሱት 7 ብቻ ነበሩ፤ ከፊት የገባው ይኸው ፔጆ ነው።

ከሞተሩ ይልቅ ትዕግሥት የጠየቀኝ የላሜራው ሥራ ነው። 404 ለብቻው የቆመ ሻሲ የለውም፤ ሸክሙን የሚችለው ራሱ አካሉ ነው። ስለዚህ ወለሉና የበሩ ሥር ከዛገ ጉዳዩ የመልክ አይደለም፣ የሰው ሕይወት ነው። ጋሼ ዝገትን በስቱኮ መሸፈን ውሸት ነው ይላሉ። የበሰበሰው ተቆርጦ ይወጣል፤ ንጹሕ ላሜራ በልኩ ተዘጋጅቶ ይበየዳል፤ ጸረ ዝገት ይቀባል። ስቱኮ የሚመጣው በመጨረሻ፣ ትንሿን ጎድጓዳ ለማስተካከል ብቻ ነው።

ዕቃ ሲጠፋ ወደ ፈረስ መጋላ ይልኩኛል። አንዱ ሹፌር ከተበተነች መኪና ያተረፈውን ከቤቱ ያመጣል፤ ሌላው የትኛው ቶርኖ ቤት አስመስሎ እንደሚሠራው ይነግረኛል። ቁቲ፣ ማለትም የቡና ቅጠል ሻይ፣ እየጠጡ የሞተር ድምፅ ሲተነትኑ ብትሰማቸው! እነዚህን መኪኖች እስከ ዛሬ ያቆያቸው የፋብሪካው ጥበብ ብቻ አይደለም፤ ይህ መረዳዳትም ነው።

የፍሬኑን ጎማዎችና ዘይት ሁሉ ከቀየርን በኋላ ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ወርደን ደንገጎን ሽቅብ ሞከርናት። በ404 ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ፋኑ ይላቀቃል፤ ሲሞቅ በማግኔት ይያዛል። ዳገቱ መሃል ላይ ፋኑ ሲይዝ ጋሼ «ሰማኸው?» አሉኝ። ሰምቼዋለሁ። እዚህ ስመጣ ያን ድምፅ ከሌላው መለየት አልችልም ነበር።

ወንድሜ፣ ቮልሷን አትሽጣት የምልህ አባዬ የነዳት ስለሆነች ብቻ አይደለም። ተፈታ ልትጠገን ተብላ የተሠራች መኪና፣ የሚያውቃት እጅ እስካለ ድረስ አትሞትም። እጁ ግን ሌላ እጅ ሳያስተምር ካለፈ ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል። እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ልንማር የሚገባን እኛ ነን።

እስክመጣ ይህን አድርግልኝ። ቆማ ስለከረመች በቁልፍ ለማስነሳት አትሞክር። መጀመሪያ ባትሪውን አላቅቅ። የኋላ ወንበሩን አንስተህ ባትሪው ሥር ያለውን ወለል እይ፤ ቮልስ የሚዝገው እዚያ ነው። ያረጀውን ቤንዚን አውጣ፤ ስታወጣ እሳትም ሲጋራም በአጠገብህ አይኑር። አራቱን ካንዴላዎች ፈትተህ በየሲሊንደሩ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምር፤ ውሎ ይደር። ከዚያ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገህ ፑሌጃውን በቁልፍ ቀስ እያልክ በእጅህ አዙር። እምቢ ካለ አታስገድደው፤ ዘይት ጨምረህ ጠብቅ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ስለዚህ ሞተሩን የከበቡት የላሜራ ሽፋኖች አንድም እንዳይጎድሉ አረጋግጥ። የምትፈታውን ሁሉ ሳትፈታ በፊት ፎቶ አንሳና ላክልኝ፤ ጋሼ ያዩታል።

ለገና ስመጣ እሳቸውም አብረውኝ ሊመጡ ቃል ገብተውልኛል፤ ለእማዬ ንገርልኝ፣ ክፍሉን ታዘጋጅ። አንተም የሥራ ልብስ ፈልግ፤ ቴስታታዎቹን የምታነሳው አንተ ነህ። ለቆራሌው ዛሬውኑ «አትሸጥም» በለው።

ናፋቂህ ወንድምህ፣
ከሐረር