ይቅርታ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ

ሰው ሃምሳን ሲያልፍ ከጓደኞቹ ጋር የሚያወራው ስለ መጽሐፍ ሳይሆን ስለ አንገቱ ነው። የእኔ አንገት ነገር የጀመረው ማስተማሩን ትቼ እዚህ አምቦ ቤቴ ኮምፒዩተር ፊት ከተቀመጥኩ ወዲህ ነው። ጠዋት ቡናዬን ጠጥቼ እቀመጣለሁ፤ ቀና ስል ምሳ ደርሷል። ያኔ ዞር ልበል ብል አንገቴ እምቢ ይላል፤ እንደ ጅብ መላ ሰውነቴን ማዞር ነው።

የቀድሞ ተማሪዬ፣ ዛሬ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሆነ ወጣት፣ አንድ ቀን ሊጠይቀኝ መጥቶ አቀማመጤን አየና ሳቀ። «መምህር፣ ይሄ እኮ መቀመጥ አይደለም፤ መጎንበስ ነው» አለኝ። የሰው ራስ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር የአንገት ሸክም ይጨምራል። ስለዚህ የስክሪኑ አናት ከዓይን ትክክል ይሁን፣ ርቀቱ ክንድ ያህል፣ ክርን 90 ዲግሪ ይታጠፍ፣ እግር መሬት ይርገጥ። በየአገሩ ለቢሮ ሠራተኛ የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው።

ጥሩ። ስክሪኑን ግን በምን ከፍ ላድርገው? ዙሪያዬን ሳይ ውፍረታቸው ልክ የሆነ ሁለት መጻሕፍት አገኘሁ፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላትና በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት። ደስታ የአለቃን ሥራ ካረፉ በኋላ ለኅትመት ያበቁ ሰው ናቸውና፣ መምህሩን ከታች፣ ተማሪያቸውን ከላይ አድርጌ ደረደርኳቸው። ኮምፒዩተሬ በደስታ ላይ ቆመ! መቼም ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለ ቀልድ አያልፈውም፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ተናገርኩት።

ችግሩ የመጣው አንድ ቃል ሲያጠራጥረኝ ነው። ስክሪኑን ማንሳት፣ ገመዱን መያዝ፣ መጽሐፉን ማውጣት፣ እንደገና መደርደር። ሰነፍኩና ቃሉን በግምት መጻፍ ጀመርኩ። የዓምዴ አራሚ ያን ሰሞን ምን እንደነካኝ ሲገርመው ከነበረ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አንገቴ ደግሞ ባሰበት። ለምን እንደሆነ የነገረኝ መነጽር የሚሠራልኝ ባለሙያ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የሚያደርገው ባይፎካል ላይኛው ክፍል ለሩቅ፣ ታችኛው ለቅርብ ነው። ከፍ ያለውን ስክሪን በታችኛው ለማንበብ አገጬን ወደ ላይ ስሰቅል እውል ነበር ለካ። ለእንዲህ ያለ ሰው ስክሪኑ ዝቅ ማለት አለበት። ምክሩ ልክ ነው፤ የተሰፋው ግን ለተማሪዬ አንገት ነበር። ሁለቱም ሊቃውንት ወደ መደርደሪያቸው ተመለሱ።

አያቴ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ። አዲስ ዓለም ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ቁም ጸሐፊ ይባሉ እንጂ የሚቆመው ፊደሉ ነው፤ እሳቸው ዱካ ላይ ቁጭ ብለው፣ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ የቀለሙን ቀንድ አጠገባቸው መሬት ላይ ተክለው ነው የሚጽፉት። ጠረጴዛ የሚባል አልነበራቸውም። በስተርጅና ጀርባቸው ጎብጦ ነበርና የድሮው ይሻላል ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን የሚጽፉት ደጃፍ ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ ፊታቸውን ወደ ግቢው አድርገው ነው። ሰው ሲገባ ብዕራቸውን አንሥተው ደህና ዋልክ ይላሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ።

የእኔ ጠረጴዛ ፊቱ ግድግዳ ነው። ሶኬቱ እዚያ ነዋ! በሩ ከኋላዬ ነው። እኛ አገር ታክሲ ውስጥ እንኳ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዞር ብሎ «ይቅርታ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ» ይላል። እኔ ቀኑን ሙሉ ለገዛ ቤቴ ጀርባዬን ስሰጥ አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቅሁም። ባለቤቴ «ፊትህ ሲጠፋብኝ የሠርጋችንን ፎቶ አያለሁ» ስትለኝ እስቃለሁ፤ ያውም ሳልዞር።

አንድ ጎረቤት ነበሩኝ፤ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ብቅ ብለው ቡና ጠጥተን፣ ስለ ነቀምቴ መንገድ አውርተውልኝ ይሄዱ ነበር። መምጣታቸው እየቀነሰ እንደሄደ ልብ አላልኩም። አንድ እሑድ ቤታቸው ተዘግቶ አየሁ። ልጃቸው ጌዶ ወስዳቸዋለች አሉኝ፤ ከእንግዲህ እዚያው ሊኖሩ። ደወልኩላቸው።

«ምነው አባባ፣ ሳይሰናበቱኝ?»

«ሐሙስ ዕለት መጥቼ ነበር እኮ። በሩ ክፍት ነው። ጀርባህን አየሁና ሥራ ይዟል፣ አላስቸግረው ብዬ ተመለስኩ።»

ሐሙስ በዚያ ሰዓት ሳይ የነበረው የእንግሊዝ ኳስ ውጤት ነው። ለእሳቸው ግን «አዎ፣ የሚቸኩል ጽሑፍ ነበረብኝ» አልኳቸው።

በማግሥቱ ጠረጴዛውን አዞርኩት። አሁን ከግድግዳው ተላቆ ሳሎኑን ለሁለት ከፍሎታል፤ የባለቤቴ ቡፌ ቦታውን ለቋል፤ ወንበሬ በተነቃነቀ ቁጥር ገመዱ ከኋላዬ ይነቀላል፤ ትናንት አንድ ገጽ ሙሉ ጠፍቶብኛል። ከጠረጴዛው ማዶ አንድ በርጩማ አስቀምጫለሁ። ጌዶ ደግሜ ደውዬ ፋሲካን እኛ ዘንድ እንዲውሉ ለምኛቸዋለሁ። «ጉልበቴ ከፈቀደ» ብለዋል።