ያየ ዓይንና የተጻፈ ቃል

በንግድ ተካፍሎ መኖር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። አንዱ ገንዘብ፥ ሌላው ጉልበትና ዕውቀት ያመጣል፤ ሱቁም በሁለቱ ትከሻ ይቆማል። ትርፍ ሲበዛ ሂሳቡን አጥብቆ የሚጠይቅ የለም። ኪሳራ ሲመጣ ወይም ከሁለቱ አንዱ በሞት ሲለይ ግን፥ «ያ ገንዘብ ብድር ነበርን ወይስ ድርሻ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ መልሱም ከምስክር አፍ ይፈለጋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም እንዲህ ባለ ነገር በሽማግሎች ፊት ለምስክርነት ተጠርቼ ነበር። ሁለት ወዳጆቼ በአንድነት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፍተው ይነግዱ ነበር። አንደኛው በእኔ ፊት 40,000 ብር ቆጥሮ ለባልንጀራው ሰጠ፤ ዓመት ሳይሞላም ሰጪው ዐረፈ። ሚስቱ፥ «ባሌ ያበደረው ነውና ይመለስልኝ» አለች። ባልንጀራው ደግሞ፥ «ለሱቁ የጨመረው ድርሻው ነበር፤ ሱቁ ሲከስር አብሮ ጠፍቷል» አለ።

ሁለቱም በቤቴ እንጀራ የበሉ ናቸው። ያቺ ሴት ሦስት ልጆቿን ይዛ ከፊቴ ተቀምጣለች፤ «ብድር» የምትለውን አንዲት ቃል ብጨምርላት ነገሩ ወደ እርስዋ ባዘነበለ ነበር። እኔ ግን ያየሁት ገንዘቡ ሲቆጠር ነው፤ በምን ስም እንደ ተሰጠ አልሰማሁም። ይህንኑ ተናገርሁ፤ እርስዋም አንገቷን ደፋች። ሽማግሎቹ ግማሹን እንዲከፍላት አስማሟቸው። ከሁለቱ አንዱ ያለ አግባብ እንደ ተጐዳ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማን እንደ ሆነ ግን ያወቀ አልነበረም።

ምስክር እጅ ሲሰጥ ያያል እንጂ በልብ ያለውን ውል አያይም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፥ ወይም በዳኛ ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር እንዳይረዳ የደነገገው ስለዚህ ይመስለኛል። ዕዳውን ከፍያለሁ የሚልም እንዲሁ ማስረጃ ይጠየቃል። ዛሬ 500 ብር ለአንድ ቤት የሳምንት አስቤዛ እንኳ አይበቃምና፥ ሕጉ ብድርን ሁሉ ይነካል ማለት ይቻላል። ሰነዱ እንደ ጠፋ፥ እንደ ተሰረቀ ወይም እንደ ተበላሸ ካልተረጋገጠ ምስክር ቦታውን አይተካም። ያቺ ሴት ፍርድ ቤት ብትሄድ ኖሮ፥ የእኔ ቃል ብድሩን ለማስረዳት ባልበቃ ነበር።

«በወዳጅ መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። ጦቢትን እናስብ። በራጌስ ለገባኤል ዐሥር መክሊት ብር በአደራ ሰጥቶ ነበር። ዓይኑ ጠፍቶ ሞቱን ሲጠባበቅ ለልጁ ለጦብያ የእጅ ጽሑፉን ሰጠው። ቅዱስ ሩፋኤል ጽሑፉን ይዞ በሄደ ጊዜም ገባኤል ማኅተማቸው ያልተፈታ ከረጢቶችን አውጥቶ አስረከበ። ሁለቱም ታማኞች ነበሩ፤ ወረቀቱም ታማኝነታቸውን አላሳነሰውም።

እንግዲህ በንግድ የተባበራችሁ ሁሉ፥ ገንዘብ ስትሰጣጡ ቀኑን፥ መጠኑን በአኃዝና በፊደል፥ ብድር ወይም ድርሻ መሆኑን፥ የሚመለስበትን ጊዜ፥ ትርፍና ኪሳራ የሚካፈልበትን መንገድ ጻፉ። ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ሁለት እማኞች ይፈርሙበት፤ ለየራሳችሁ አንድ አንድ ቅጂ ያዙ። ስትከፍሉም ደረሰኝ ተቀበሉ። ወረቀቱ የተቀመጠበትን ስፍራ የትዳር ጓደኛችሁ ይወቅ።

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ልጆቻችን ከእኛ የሚወርሱት ጠብ እንዳይሆን፥ እስክሪብቶውን ፍቅር ሳለ እናንሣው።