ከባቡር ሐዲድ ሥር ያለው የቮልት ገበያ

ቶኪዮ ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ረዣዥም ፎቆቿ ቢያወራልህ አትደነቅ። እኔ የማወራህ ግን ሁለት ሰዎች ትከሻቸውን ሳያዞሩ ስለማይተላለፉበት ጠባብ መንገድ ነው።

በአኪሃባራ ጣቢያ ወርደህ «የኤሌክትሪክ ከተማ» በሚባለው በር ስትወጣ፥ ባቡሩ ከራስህ በላይ ያንጎደጉዳል። ከሐዲዱ ሥር ከአንድ ጠረጴዛ የማይሰፉ ሱቆች ተደርድረዋል። አንዱ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ይሸጣል፤ ሌላው ሽቦ ብቻ፤ ሦስተኛው አሮጌ የራዲዮ ቫልቭ ብቻ። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው እንግድነት አይሰማውም፤ ልዩነቱ እዚህ እያንዳንዷ ብሎን በየመጠኗ በሣጥን መቀመጧ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው (ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ)። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ አመድ ሆና ሳለ፥ በአቅራቢያው የነበረ የኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ራዲዮ እየገጣጠሙ ይሸጡ ነበር። ነጋዴውም ይህን አይቶ የራዲዮ ዕቃ በጎዳናው ዘረጋ። በ1949 የጎዳና መደብ ሁሉ እንዲነሣ ሲታዘዝ ከባቡሩ ድልድይ ሥር ተጠለሉ። ሁሉም ግን እስከ ዛሬ አልዘለቁም። «ራዲዮ ስቶር» የሚባለው ክፍል በ2013 ተዘግቷል፤ ከዙሪያውም ብዙው ሱቅ ዛሬ የሥዕል መጽሐፍና የአሻንጉሊት መሸጫ ሆኗል።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ለመምህራን ኮርስ በዚያ በሰነበትሁበት ክረምት፥ ቫልቭ ከሚሸጠው ሱቅ ፊት ቆሜ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ምን ልትሠራ ነው?» አሉኝ። «የጆሮ ማዳመጫ ድምፅ ማጉያ» አልኋቸው። «ስንት ቮልት?» «አራት መቶ።» የትምህርት ደረጃዬን ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ «ከማን ጋር?» ሲሉኝ ደነገጥሁ። ብቻዬን መሆኔን ስነግራቸው «እንግዲያው እሑድ ና» ብለው አድራሻ ጻፉልኝ።

ለጆሮ ማዳመጫ 400 ቮልት ምን ያደርጋል? ትሉ ይሆናል። የተለመደው ማዳመጫ በማግኔትና በጥቅል ሽቦ ስለሚሠራ ጥቂት ቮልት ይበቃዋል። ስታክስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1960 ለገበያ ያቀረበው ዓይነት ግን ጥቅል ሽቦ የለውም። ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ፕላስቲክ በሁለት የተበሳሱ ሳሕኖች መካከል ተወጥሯል። ፕላስቲኩ በዛሬዎቹ ማዳመጫዎች 580 ቮልት ተሞልቶ ይቀመጣል፤ ድምፅ ማጉያው ሁለቱን ሳሕኖች በተቃራኒ እያፈራረቀ በመቶ በሚቈጠር ቮልት ሲነዳቸው ፕላስቲኩ ወዲያና ወዲህ ይሳባል፤ ድምፅም ይሆናል። ወደ ፕላስቲኩ የሚሄደው 580 ቮልት በ5 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር ስለሚታነቅ ሰው አይገድልም። ሳሕኖቹን የሚነዳው የማጉያው ሆድ ዕቃ ግን እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለውም።

እሑድ የሄድሁበት ቤት የሰፈር መሰብሰቢያ አዳራሽ ነበር። ጡረታ የወጣ መሐንዲስ፥ የጥርስ ሐኪም፥ የባቡር ሠራተኛ፥ ሁለት ተማሪዎች፤ ሁሉም የየራሳቸውን ማጉያ በፎጣ ጠቅልለው መጥተዋል። ሻይ ተቀዳ። አራት እሑድ አብሬያቸው በየድሁ።

በሦስተኛው እሑድ ቫልቮቹን ሳንሰካ የኃይሉን ክፍል ብቻ ሞከርን። ቮልቱ እንደ ታሰበው ወጣ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አጠፋሁት፤ ሶኬቱንም ነቀልሁ። ከዚያ አንዲት የተጣመመች ሽቦ ላቃና እጄን ስሰድድ ሽማግሌው አንጓዬን አፈፍ አደረጉ። ምንም ሳይናገሩ ቴስተሩን ካፓሲተሩ ላይ አሳረፉ። 372 ቮልት!

ጥፋቱ የእኔ ነበር። የካፓሲተሩን ኤሌክትሪክ የሚያፈስሰውን ሬዚስተር መበየድ ረስቻለሁ። ቫልቮቹ ቢኖሩ ጥቂት በጥቂት ይጠጡት ነበር፤ በሌሉበት ግን 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ400 ቮልት 8 ጁል ይዞ ዝም ብሎ ይጠብቅሃል። ይህን ቀመር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! ባለ 220 ሺህ ኦም ሬዚስተር ቢኖር ኖሮ በ2 ደቂቃ ውስጥ ከ2 ቮልት በታች ይወርድ ነበር። ሽማግሌው አልተቈጡም፤ የጥርስ ሐኪሙ ግን መዳፉን ዘርግቶ አንዲት ነጭ ጠባሳ አሳየኝ። ባቡር ሠራተኛውም አሳየኝ። ከዚያ ወዲያ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለ ነበር በዚያን ቀን መበየጃውን አላስነኩኝም፤ ሻይ ቀጅ ሆንሁ።

በመጨረሻው እሑድ ዋናው ፈተና ሆነ። ቮልቱን ቀስ በቀስ እያሳደጉ፥ አንድ እጃቸውን ኪስ ውስጥ ከትተው ለኩ፤ ድንገት ቢይዛቸው ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ በልብ በኩል እንዳያልፍ ነው። በሁለቱ መውጫዎች መካከል ያለውን ልዩነት ወደ ዜሮ አመጡ፤ ማዕበሉንም በኦሲሎስኮፕ ተመለከቱ። ከዚያ በኋላ ብቻ ማዳመጫ ተሰካ፤ እርሱም ቢቃጠል የማያሳዝን አሮጌ።

«ከአገርህ ሙዚቃ አሰማን» አሉ። በስልኬ የነበረውን በገና ከፈትሁ። መሐንዲሱ ማዳመጫውን ገና ከመድፋቱ ዐይኑ ፈጠጠ፤ ዘሎም ማጥፊያውን ተጫነ። ንዝረቱን ሰምቶ ማጉያው ታመመ ብሎ ነው! እኔ እየሳቅሁ በበገና ጅማትና በመቀመጫው መካከል እንዚራ የተባለ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ እንደሚገባ፥ ንዝረቱም ከእርሱ እንደሚመጣ አስረዳሁ። ቃሌን አልተቀበሉም። ያንኑ በገና በባቡር ሠራተኛው ማጉያ ደገሙት፤ እዚያም ነዘረ። ያን ጊዜ አመኑ፤ ማዳመጫውም ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲዞር አመሸ። እኔም ተራዬ ሲደርስ የደርዳሪው ጣት እያንዳንዱን ጅማት ሲለቅ ለየብቻ ሰማሁት፤ ከዚያ በፊት እንዲያ ሰምቼው አላውቅም።

የጃፓን መብራት 100 ቮልት ስለ ሆነ፥ 220 የሚቀበል ትራንስፎርመር ከዚያው ከድልድዩ ሥር ገዝቼ ቀየርሁለት። ድግግሞሹ ግን የቶኪዮው እንደ እኛ 50 ነው፤ የኦሳካው 60። ቶኪዮ በ1895 የጀርመን ጄኔሬተር፥ ኦሳካ በ1897 የአሜሪካ ስለ ገዙ አንድ አገር እስከ ዛሬ ለሁለት እንደ ተከፈለ ነው።

ማጉያው አሁን በትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ተቈልፎበት ተቀምጧል። በክዳኑ ላይ ሽማግሌው በጃፓንኛ፥ እኔም ከሥሩ በአማርኛ ጽፈንበታል፤ «2 ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያ ለካ።»