ምሰሶውም ይግባ

«ዋይድ ሌንስ ልንገዛ ነው» ስንል የሰማን ሁሉ የሚመልስልን አንድ ነገር ነው፤ «ለጮቄ ነዋ!»። እውነትም ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ቀና ላለ ሰው ጮቄ አለ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ። ወደ ደቡብ ለወረደ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። ሰፊ አገር፣ ሰፊ ሌንስ፤ ነገሩ የሚገጥም ይመስላል። አይገጥምም። ሰፊ ሌንስ ሥራው ሁሉን ማስገባት ነው፤ ሁሉን ሲያስገባ ደግሞ ሩቁን ያሳንሰዋል። ያ ሁሉ ጮቄ በ21 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲነሳ ከሰማይ በታች የተሰመረ የእርሳስ መስመር ሆኖ ያርፈዋል። ለጮቄ 50ው በቂ ነው፣ እንዲያውም 90 ቢገኝ ይሻላል።

ዋይድ የሚያስፈልገው ወደ ኋላ መሄጃ ሲጠፋ ነው። ቤት ውስጥ ማለት ነው። የእኛን አገር ክብ ቤተ ክርስቲያናት አስቡ፤ ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፣ ቆሞ ማያው ደግሞ በመቅደሱና በውጭው ግድግዳ መካከል ያለችው ጠባብ ዙሪያ ናት። ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ብትሉ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። ጎጆ ቤትም እንደዚያው ነው። የእኛ ጣጣ ከጎጆ ቤት የመጣ ነው።

መጀመሪያ ስለ ካሜራዋ። ፌድ-5 ትባላለች። አጎታችን በደርግ ጊዜ ካርኮቭ ተምሮ ሲመለስ ይዟት መጣ፤ አሁን የሁለታችን ናት። (አንዳችን አዲስ አበባ፣ አንዳችን ማርቆስ ስለሆንን በየወሩ ትመላለሳለች፤ ከእኛ በላይ አገር ያየች እሷ ናት።) ፌድ የሚለው ስም የሶቪየት ምስጢር ፖሊስን ያቋቋመው የፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ድዘርዢንስኪ ስም መነሻ ፊደላት ነው። ፎቶ ለማንሳት የደኅንነት ሹም ስም አንገት ላይ አንጠልጥሎ መዞር! የመጀመሪያዎቹ ፌዶች እ.ኤ.አ. በ1934 ካርኮቭ መሠራት ሲጀምሩ የጀርመኗ የሌይካ ሁለት ቅጂ ነበሩ። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ የተወለደው፣ በኋላ በአረብ በረሃ ፎቶዎቹ ስሙ የገነነው ዊልፍሬድ ቴሲጀር የሌይካ ሰው ነበር፤ ጃንሆይ በ1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ በገቡበት የጎጃም ዘመቻም ከጌድዮን ጦር ጋር ነበር። ፌዳችን ለአገሩ ባዳ አይደለችም ለማለት ያህል ነው።

እንግዲህ ይህች ካሜራ ሬንጅፋይንደር ናት። በሌንሱ ውስጥ አይታይም፤ ከጎኑ ባለች መስኮት ነው የሚታየው። መስኮቷ መሃል አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ሌንሱን ስታዞሩ ሁለቱ ይጋጠማሉ፣ ያኔ ፎከስ ሆነ ማለት ነው። ውስጧ የሚገለበጥ መስታወት የለም። በዚህ ምክንያት የሌንሱ የኋላ ብርጭቆ ወደ ውስጥ ዘልቆ ፊልሙ አጠገብ መድረስ ይችላል፤ ለሰፊ ሌንስ ይህ ትልቅ ነፃነት ነው፣ ትንሽና ቀላል አድርጎ መሥራት ይቻላል። ጁፒተር-12 የሚባለውን የሩሲያ 35 ሚሊ ሜትር ገልብጣችሁ ብታዩት የኋላ ብርጭቆው እንደ በሬ ዓይን ፈጦ ወጥቷል። አባቱ ከጦርነቱ በፊት የተሠራው የሳይስ ባዮጎን ነው።

የፌድ አፍ ባለ 39 ሚሊ ሜትር ጥርስ ነው፣ እንደ ድሮው ሌይካ በመጠምዘዝ የሚገባ። ሌይካ እ.ኤ.አ. በ1954 ኤም የተባለውን አምጥቶ ከጥርሱ ወጣ። የጃፓኑ ኮሲና ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ፎይክትሌንደር የሚለውን የጀርመን ስም አስነስቶ በዚሁ ጥርስ አዳዲስ ሰፋፊ ሌንሶች ሠራ። ስለዚህ ፊታችን የቀረቡት እነዚህ ነበሩ፤ ጁፒተር-12፣ 35 ሚሊ ሜትር፣ ብርሃኑ 2.8፤ ኦሪዮን-15፣ እሱም የሩሲያ፣ 28 ሚሊ ሜትር፣ ብርሃኑ 6፤ የጃፓኖቹ ባለ 25 እና ባለ 21፣ ሁለቱም ብርሃናቸው 4። የምንገዛው አንድ ብቻ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ያጠራቀምናት ገንዘብ በዶላር ስትመነዘር ምን እንደሆነች እናንተም ታውቁታላችሁ።

ወደ ጎጆው እንመለስ። ከማርቆስ ወጣ ብሎ የሴት አያታችን የእማሆይ ቤት አለ። ዙሪያው መደብ፣ መሃሉ ምሰሶ፣ ጎኑ ምድጃ። ልጆቻቸው አጠገቡ የቆርቆሮ ቤት እየሠሩላቸው ነው፤ ክረምት ሳይገባ ጎጆው ይፈርሳል። በጎጆው የመጨረሻው የማርያም ማኅበር የእሳቸው ተራ ነው። ፎቶ ማንሳት ያለብን ያን ቀን ነው፤ ሌላ ቀን የለም።

ሌንስ በወሬ አይመረጥም፤ ሲባጎ ይዘን ሄድን። ስሌቱ ቀላል ነው። ያላችሁን ርቀት በ36 አባዙና ለሌንሱ ቁጥር አካፍሉት፤ የፊልሙ ርዝመት 36 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ነው። መደቡ ላይ ተደግፈን ከምሰሶው ያለን ርቀት ሁለት ሜትር ተኩል መጣ። በ50ው 1.8 ሜትር ይገባል፣ አንድ ሰውና ግማሽ ጀበና ማለት ነው። በ35ቱ 2.6 ሜትር ገደማ፣ በ28ቱ 3.2፣ በ25ቱ 3.6፣ በ21ዱ 4.3።

«እንግዲያውስ 21!» አልን አንዳችን። ሌላኛችን ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰበት። ሰፊ ሌንስ ጠርዝ ላይ ያለውን ክብ ነገር ይለጥጣል፤ የሰው ጭንቅላት ደግሞ ክብ ነው። በ21ዱ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ወደ ጎን በሲሶ ያህል ይሰፋል። በ25ቱ ሩብ አይሞላም፤ በ35ቱ ስምንት አንድ ቢሆን ነው። እንግዲህ ማኅበር ላይ ጠርዝ የሚደርሰው ለማን ነው? አባ መሃል ናቸው፣ ሽማግሌዎቹ ከእሳቸው ቀጥለው፣ በር በሩን ደግሞ ወጣቱና ዘግይቶ የመጣው። በእኛ ባህል ፊቱ የሚለጠጠው ሰው በማዕረግ ተመርጦ የተቀመጠ ነው። ብንስቅም፣ ያቺ በር ላይ የምትቀመጠው ልጅ ፎቶውን ዕድሜ ልኳን ታስቀምጠዋለች።

ቀጥሎ ብርሃን። ጎጆ መስኮት የለውም፤ ያለው በር ነው፣ ደግሞም ጭስ። ያለን ፊልም 400 ነው። ከሰዓት በፊት በር ተከፍቶ ብርሃን ስንለካ በ2.8 አንድ አሥራ አምስተኛ ሰከንድ መጣ። ይህ ማለት በ4 አንድ ስምንተኛ፣ በኦሪዮኑ 6 ደግሞ አንድ አራተኛ እንኳ አይበቃውም። ኦሪዮን በዚሁ ተሰናበተ። ብልጭታ እንዳትሉን፤ በጭስ ውስጥ ብልጭታ ጭሱን ነው የሚያነሳው፣ ማኅበርተኛውንም ያስደነግጣል። ሰፊ ሌንስ የእጅ መንቀጥቀጥን ይችላል፣ የሚመታ መስታወትም የለንም፤ ምሰሶ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ትንፋሽ ለያዘ ሰው አንድ ስምንተኛ ይሄዳል።

ስለዚህ 35 ወይስ 25? ጁፒተሩ ርካሽ ነው፣ ብርሃኑም ይበልጣል። ጉዳዩ ያለቀ መስሎን ነበር።

እማሆይ ሲባጎውን ስንዘረጋና ስንጠቀልል ዝም ብለው ያዩን ነበር። ቀብር የምንለካ መስሏቸው ይሆን ብለን ሰጋን። በኋላ ምን እንደምናደርግ ነገርናቸው፤ «እማሆይ፣ ፎቶው ላይ ምን ምን እንዲኖር ይፈልጋሉ?» አልናቸው። ድሮ ማርቆስ ፎቶ ቤት የተነሱት አንድ ፎቶ አላቸው፣ ከቁርጭምጭሚት በታች የተቆረጠ። እስከ ዛሬ ያንን ፎቶ አንሺ ይወቅሱታል። «እግሬን እንዳትቆርጡኝ» አሉ። ቀጥለው ወደ ላይ አዩ። «ምሰሶውም ይግባ፣ እስከ ጫፉ። አያታችሁ ከጫካ በትከሻቸው አምጥተው ያቆሙት ነው። ልጆቹ ነገ ፈልጠው ያነዱታል።»

ምሰሶው በሲባጎ ሲለካ ሦስት ሜትር ተኩል ሆነ። ካሜራዋን አቁመን ብንይዛት እንኳ 35ቱ 2.6 ሜትር ላይ ያበቃል፤ ወይ እግር ወይ ጫፍ ይቀራል። ቀና አድርገን እንዳናነሳ ምሰሶው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። 25ቱ ግን 3.6 ነው። ካሜራዋ በምሰሶው ወገብ ልክ ተይዛ፣ ሳትጋደል፣ ከእግር እስከ ጫፍ ትበቃለች፤ አሥር ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ስለ ጁፒተር ከዚያ በኋላ አላወራንም።

25ቱ የራሱ አመል አለው። ከመስኮቷ ጋር አይነጋገርም፤ ሁለቱን ምስል አጋጥሞ ፎከስ ማድረግ የለም፣ ርቀቱን ገምቶ ቁጥሩ ላይ ማዞር ነው። በ4 ብርሃን ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ሲቆም ግን ከ1.7 እስከ 4.8 ሜትር ያለው ጥርት ይላል፤ ያ ደግሞ ቤቱ ማለት ነው። አንዴ አዙሮ መርሳት ይቻላል። የፌዷ መስኮት የምታሳየው የ50ን ስፋት ስለሆነ ካሜራዋ አናት ላይ የምትሰካ ሌላ ማያ ያስፈልጋል። ማያዋ ከሌንሱ ከፍ ስላለች የምታየውና ሌንሱ የሚያየው ቅርብ ላይ ትንሽ ይለያያል፤ ለዚያች ለተረፈችን አሥር ሳንቲ ሜትር መጠንቀቅ አለብን።

ስለ ማያዋ ሌላም ሐሳብ ነበረን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ፣ በክልላችን ግጭቱ ከተነሳ ጀምሮ፣ ካሜራ ይዞ መንገድ መውጣት እንደ ድሮው አይደለም። አሮጌ የሩሲያ ካሜራ ያሳቅ ይሆናል፤ አናቷ ላይ ዓይን የመሰለ ነገር ስትሰካበት ግን ጥያቄው ይበዛል። ስለዚህ ማያዋ ተነቅላ በሶሪት ጨርቅ ተጠቅልላ ከበሶው ጋር ትጓዛለች፣ የምትሰካውም ጎጆው ውስጥ ነው።

ሌንሱ በወዳጅ ሻንጣ ገብቶ እጃችን ላይ ነው፤ ከእንቁላል ያንሳል። ማኅበሩ በ21 ነው። ፊልሙ ሁለት ጥቅል፣ 72 ምት። እማሆይ ለዚያ ቀን የሚለብሱትን ነጠላ ከወዲሁ አጥበው ሰቅለዋል፤ ልጆቻቸው ደግሞ ምሰሶውን ከማገዶው ለይተው እንዲያስቀምጡት ልመና ላይ ነን።