ስም ይወጣል ከቤት

ና ወዳጄ፣ ጠጋ በል። አቦሉን ጠጥተናል፤ ይኸው ቶናው ቀረበ፣ የሚያስቸኩለን ነገር የለም። ቆሎው የመንዝ ገብስ ነው፤ ዝገን።

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ሲባል እየሰማን አይደል ያደግነው? እኔን በዚህ ተረት ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ጎረቤቱ ነው። ሳይመረምር ለምን ይቀበላል? ስለሚቀለው ነዋ! እናት ተናዳ «ይሄ ልጅ ደነዝ ነው» ትላለች። እሷ ሳይመሽ ትረሳዋለች፤ ጎረቤት ግን ይዞት ይሄዳል፣ መምህሩም ጆሮ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ልጁ ሒሳብ ሲስት «አላልንም?» ይባላል፤ ሲያገኝ ደግሞ «ኮርጆ ነው» ይባላል። ታዲያ ምን ቢያደርግ ይወጣለታል? እንዲህ ያለ ስም እንደ ምጣድ አከንባሎ ነው፤ አንዴ ከተከደነ እንጀራው ይብሰል ይረር የሚያይ የለም።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ እስቲ ልጠይቅህ፤ የመንዝ ሰው ሲባል ምን ይመጣብሃል? «ኩሩ ነው፣ ቂም አይረሳም፣ ለርስቱ ይሞታል» አይደል? መንዝ ረግጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ይህን በቃሉ ይወጣዋል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ድረስ ወጥቶ፣ ከሰዉ ጋር ኖሮ አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ»ን አሳተመ። ስለ አማራ ጠባይ የጻፈውም ብዙ አከራከረ። እኔ መጽሐፉን አከብረዋለሁ፤ ደጋውን ወጥቶ፣ ብርዱን ችሎ ያየ ሰው የጻፈው ነው። የሚያሳዝነኝ መጽሐፉን አንብቦ ሰዉን ያወቀ የሚመስለው ነው። የትኛውን መንዜ? የማማ ምድሩን ነው፣ የላሎ ምድሩን ነው ወይስ የጌራ ምድሩን? ሱፍ ፈታይዋን ነው ወይስ ባና ሸማኔውን? በድንበር ተጣልቶ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ሰው፣ ለዚያው ባላጋራው ሐዘን ሲደርስ አስከሬን ተሸክሞ ሲሄድ አይተህ የለም? ይህን ሰው «ቂመኛ» ብለህ ብትጨርሰው ግማሹን ጣልከው። ሌቪን ራሱም እዚያው አልቆመም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ሁለተኛው መጽሐፉ አገሩን የተመለከተው ሕዝቦቿ እርስ በርስ በተሳሰሩበት ገመድ ነው።

ጠጣ እንጂ፣ እንዳይቀዘቅዝብህ።

ከሸዋ ነገር ሳንወጣ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጁትን አዋጅ ታውቀዋለህ? እኔ ከአዋጆቻቸው ሁሉ እሱን እወደዋለሁ። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት፣ ጸሐፊውን ጠንቋይ እያለ የሚሰድበውን ሰው ነው የገሠጹት። ሁላችንም ከአዳምና ከሔዋን ነን፤ ከእንግዲህ ሠራተኛውን የሰደበ እኔን እንደሰደበ ነው፣ ይታሰራልም አሉ። ንጉሥ ስለ ስድብ አዋጅ እስኪያወጣ ድረስ ነገሩ ምን ያህል ቢከፋ ነው? አስበው! ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ፣ የሚፈልጥበት ምሳር የማን እጅ ሥራ ነው? ያንን ሠሪ ነው ዓይኑን ፈርቶ ልጁን የሚደብቅበት።

የተሰደበው መጎዳቱ ግልጽ ነው። ሰዳቢው ግን ምን ይሆናል? ማሰቡን ያቆማል። ከመርሐቤቴ ደጋ ወደ ጀማ ቆላ ወርዶ፣ ወባ ይዞት የተመለሰን ሰው አስብ። ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል። «ቡዳ በልቶት ነው» ካሉ አለቀ፤ የት ዋለ፣ የት አደረ፣ መቼ ጀመረው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በሽታው ስም አግኝቷል፤ ጥፋተኛውም ከሰፈሩ ዳር አንጥረኛው ቤት አለ። በሽተኛው ግን እዚያው እየተንቀጠቀጠ ነው።

በእንስሳስ ላይ ይኸው አይደል የምናደርገው? ጓሳን ታውቃለህ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር የሚደርሰው፣ መንዞች ከጥንት ጀምሮ በሥርዓት የጠበቁት የሣር ምድር። እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ። ቀበሮ ሲባል ምን ይታሰብሃል? በግ! ቀይ ቀበሮ ግን በአመዛኙ የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው። ግልገል ፈጽሞ አይነካም አልልህም፤ ኑሮው ግን በአይጥ ነው። ተመራማሪዎች ጓሳ ላይ ሲከታተሉት ሣር ከሚግጡት ከጭላዳዎች መካከል ገብቶ ሲያድን አገኙት። ብቻውን ሲሆን ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካለታል፤ በጭላዳው መንጋ መካከል ሲሆን ግን ከሦስት ሁለቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጽፈውታል። ጭላዳዎቹ ውሻ ሲያዩ ወደ ገደሉ ይሮጣሉ፤ ቀይ ቀበሮው በመካከላቸው፣ በልጆቻቸው አጠገብ ሲያልፍ ግን ግጦሻቸውን ይቀጥላሉ።

አንድ ጊዜ ታዲያ አንድ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ነጠቀ። ምን አደረጉ መሰለህ? ተረባርበው አስጣሉት፣ አባረሩትም፤ በኋላ ሊመለስ ሲልም ያንኑ ቀበሮ ከለከሉት። የነጠቀውን እሱን!

እኔ ይህን ካወቅሁ ጀምሮ የጓሳ አካባቢ እረኞች ከሐሳቤ አይጠፉም። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ቢቆጠር፣ 500 አይሞላም፤ ሁሉም ያለው በአገራችን ደጋ ነው። ግልገል የጠፋበት እረኛ ደግሞ እውነት አለው፤ በግ ለመንዜ ሥጋው ነው፣ ባናው ነው፣ ለልጁ ደብተር መግዣው ነው። ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ እንዳይሆን፣ ድንጋይ ከማንሳቱ በፊት መሬቱን ጎንበስ ብሎ ቢያይልኝ እወዳለሁ፤ ዱካው የጅብ ነው? የውሻ ነው? ወይስ በእርግጥም የቀይ ቀበሮ?