ጭረቷን ሰመራ ላይ ቀብሬያት ልመለስ?

እናንተዬ! የሰው መኪና ተውሶ እንደ መጓዝ ያለ ጭንቀት ከየት ይመጣል? ገንዘብ ብትበደሩ ቆጥራችሁ ትመልሳላችሁ። መኪና ግን የወሰዳችኋትን መልክ ይዛ ነው ደጃፍ መቆም ያለባት።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ጓደኛዬ ሰመራ ላይ ሊሞሸር ጠራኝ። መኪና የለኝም። የፍቅረኛዬ ታላቅ ወንድም ግን ብርማ ቀለም ያላት ቪትዝ አለው። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው። ቁልፉን ሲሰጠኝ ‹‹እንደ ወሰድካት መልሳት›› አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እሷ ደግሞ በር ድረስ ሸኝታኝ ‹‹አደራህን፣ ገና ሽማግሌ አልላክክም›› ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። ይኼን ተሸክሜ ነው እንግዲህ ከአብሮ አደጌ ጋር የተነሣሁት።

ከአዲስ አበባ ሰመራ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥታችሁ ከ450 ሜትር በታች ትወርዳላችሁ። መተሐራ ላይ ሹራብ ይወልቃል፤ አዋሽ ሰባት ስትደርሱ መስኮት ይወርዳል። እዚያ የፍየል ጥብስ ሳይበሉ ማለፍ ነውር ነው፤ እኛም አላለፍንም። ከአዋሽ ወዲያ ያለው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። የጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚመላለስበት ዋና መስመር ስለሆነ ተሳቢው ከፊትም ከኋላም ነው። ትንሽ መኪና የያዘ ሰው ዐይኑን ከስፖኪዮ ላይ አይነቅልም።

ገዋኔ ሳንደርስ የግመል መንጋ አስፋልቱን ሞላው። ከኋላዬ ተሳቢ ይመጣል። እኔ ‹‹ብልጡ›› ቦታ ልልቀቅ ብዬ ከአስፋልቱ ወርጄ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባሁ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ... ቀረርረር! አብሮ አደጌ ‹‹በቃ፣ ሽማግሌው ቀረ›› አለኝ።

ቁጥቋጦው ፕሮሶፒስ ነው። የአካባቢው ሰው ‹‹ደርጊ ሃራ›› ይለዋል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። የትውልድ አገሩ ወዲያ ማዶ አሜሪካ አህጉር ሲሆን በ1970ዎቹ ዓ.ም በመካከለኛው አዋሽ እርሻዎች አካባቢ ጥላ እንዲሆንና በረሃውን እንዲገታ ተብሎ ተተከለ። ከብቱ ፍሬውን በላ፣ ዘሩም ከእበቱ ጋር በየሄደበት በቀለ። ዛሬ በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ወርሯል። ግጦሹን ውጦታል፤ እሾሁም የእንስሳቱን እግር ይወጋል፣ ጎማም ይበሳል። የአፋር አርብቶ አደር ያጣው መሬት ነው፤ የኔ በር ምን አላት?

ግን በሩ የኔ አይደለም! ወርጄ ሳይ ከፊት ፓራፋንጎ እስከ ኋላ በር ድረስ ሦስት መስመር ተጭሯል። ደንግጬ መሐረቤን አወጣሁና በደረቁ ፈተግሁት። ይኼ ሁለተኛው ጥፋቴ ነበር። አቧራ ያለበትን ቀለም በደረቅ ጨርቅ ማሸት በብርጭቆ ወረቀት እንደ ማሸት ነው። ሦስት የነበረው ጭረት ላይ ሌላ የጭረት ደመና ጨመርኩበት። መጀመሪያ በውሃ ማጠብ ነበረብኝ።

ሎጊያ ስንገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ቀለም የሚቀባ ፈልጉልኝ ማለት ሆነ። አንድ ወጣት ተገኘ። መጭመቂያውን ይዞ፣ ‹‹በአንድ ሰዓት ድራሹን አጠፋዋለሁ፤ ባለቤቱ አይደለም፣ የሠራት ፋብሪካ አያውቃትም›› አለኝ። ልቤ ጮቤ ረገጠ። ጭረቷን እዚሁ ቀብሬያት፣ ሠርጌን በልቼ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁልፉን መመለስ!

አጠገባችን ጎማ የሚያስጠግኑ አንድ በዕድሜ የገፉ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበሩ። ‹‹የማን ናት?›› አሉኝ። ነገርኳቸው። ‹‹ና እስቲ ጥፍርህን አምጣ›› ብለው ጣቴን ይዘው በጭረቱ ላይ ወደ ጎን አስኬዱት።

‹‹ጥፍርህን ያዘው?››

‹‹ሁለቱ አልያዙኝም፤ አንዱ ያዘኝ።››

‹‹አየህ፣ የማይዘው ከላይ ያለውን ቫርኒሽ ብቻ ነው የነካው፤ በፖሊሽ ይወጣል። የያዘህ ወደ ቀለሙ ወርዷል። ላሜራው ቢታይ ኖሮ ዝገት እንዳይጀምረው ቶሎ መሸፈን ነበረበት። ያንተ ገና ነው፣ አዲስ አበባ ይደርሳል።››

ከዚያ ወደ ሰማይ አመለከቱ። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይጠጋል፣ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይነፍሳል። ‹‹በዚህ ፀሐይ ላሜራው ምጣድ ነው። ቀለሙ ሳይደላደል ይደርቃል፣ አቧራው ይለጠፍበታል። ብርማ ቀለም ደግሞ በዐይን ግምት ተቀላቅሎ አይገጥምም። ጭረት ይዘህ ብትሄድ ጭረት ነው፤ ተቀብቶ ከሄደ ግን ሰውየው የሚያየው መደበቅህን ነው›› አሉኝ።

ወጣቱ ቅር አለው። የቡና ብዬ ሸኘሁት። ሌሊቱን ሰመራ ላይ፣ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎኝ ውጭ ተቀምጬ ሳስብ አደርኩ። ይኼ እኮ መሬቱ ራሱ የሚሰነጠቅበት አገር ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም ዳባሁ አካባቢ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በቀናት ውስጥ ተከፍቷል። እኔ ለሦስት መስመር እንቅልፍ አጣሁ!

ጠዋት ደወልኩለት። ‹‹ጋሼ፣ መኪናዋን አስጫርኳት፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሠራታለሁ›› አልኩ። ዝም አለ። ያ ዝምታ ከገዋኔ እስከ ሰመራ ካለው መንገድ ረዘመብኝ። ከዚያ ‹‹ሰው ተጎድቷል?›› አለ። ‹‹አልተጎዳም።›› ‹‹እንግዲያው ሠርግህን ብላ›› ብሎ ዘጋው። ተቆጥቶ ይሁን ይቅር ብሎ፣ እስክመለስ አላወቅሁም። ሠርጉ ላይ ሁሉም ሲጨፍር እኔ በሐሳቤ ቁልፍ እያስረከብኩ ነበር።

አዲስ አበባ እንደ ገባሁ አብረን ጋራዥ ሄድን። ሁለቱ ጭረቶች በፖሊሽ ወጡ። ሦስተኛው በቀለሙ ኮድ ተዘጋጅቶ ተቀባ። የኪሴን ነገር አታንሡት፤ የሁለት ወር ጽሑፌ ሄዷል። ጋሼ በሩን ዳሰስ አድርጎ ‹‹እህቴን እንዲህ ከጫርክ ግን በፖሊሽ አይወጣም›› አለኝና ሳቀ። እኔ ግን ቶሎ አልሳቅሁም።

ለእናንተ ለወጣቶች ምክሬ አጭር ነው። የሰው መኪና ከመውሰዳችሁ በፊት ዙሪያዋን ከባለቤቱ ጋር እዩ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሡ። የሦስተኛ ወገን መድን የያዛችሁትን መኪና ጭረት እንደማይከፍል ዕወቁ። ከተጫረ እጠቡ፣ በጥፍር ፈትሹ፤ የቀለሙን ኮድ ሞተሩ አካባቢ ወይም በሩ ምሰሶ ላይ ካለው ጽሑፍ አንብቡ። ከሁሉ በፊት ግን ደውሉ። ግመል ካጋጠማችሁ ደግሞ ቆማችሁ ጠብቁ፤ ቁጥቋጦ ውስጥ አትግቡ!

ሽማግሌዎቹን? ከክረምቱ በኋላ ልልክ አስቤአለሁ። በእግራቸው ነው የሚሄዱት።