ለወገን ደራሽ

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወርዱ፣ ዓለም በር አካባቢ ከዋናው መንገድ ገንጠል ብሎ አውራምባ የሚባል መንደር አለ። ብዙ የሚወራለት በሴትና ወንድ እኩልነቱ ነው። እውነትም ወንዱ እንዝርት ሲያሾር፣ ሴቷ ሸማ ስትሠራ ማየት ያስደንቃል። የእኔን ልብ የወሰደው ግን የአረጋውያኑ ቤት ነው።

በአገራችን ለችግረኛ የሚደርስ አይጠፋም። ሰንበቴው በሰንበት ያበላል፤ ማክሰኞስ? ዕድሩ አሳምሮ ይቀብራል፤ በቁም ግን ብዙ ጊዜ አይጦርም። የቀረው የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው።

አውራምባዎች መጦርን ሥራ አደረጉት። በሳምንት አንድ ቀን «ለወገን ደራሽ» ብለው ይሠራሉ፤ የዚያ ቀን ፍሬ ለአረጋዊው፣ ለታመመው፣ ወላጅ ለሌለው ልጅ ነው። በአረጋውያኑ ቤት አልጋዎቹ ግድግዳውን ተጠግተዋል፤ ምግብ የሚያቀርብ፣ ልብስ የሚያጥብ ሰው ተመድቧል። «እናቴ፣ ማን ነው የሚያስታምምዎት?» ብላቸው አንዲት ባልቴት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ተራ ገብተዋል፤ ዛሬ የማን እንደሆነ እንጃ» አሉኝ። ወደድኳቸው!

መንደሩን በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የእስቴው ተወላጅ ዙምራ ኑሩ ናቸው። በደርግ ጊዜ መንደርተኞቹ በጥርጣሬ ሲታዩ እስከ ቦንጋ ተሰደዱ። ሥርዓቱ ተለውጦ ሲመለሱ የቀራቸው መሬት አልበቃም፤ ገበሬዎቹ ሸማኔ የሆኑት ለዚህ ነው።

ወደ ላይ ጋይንትና ስማዳ ከተሻገሩ ደግሞ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የመንግሥት ሴፍቲኔት አለ፤ ጉልበት ያለው እርከን ሠርቶ ይከፈለዋል፣ አቅመ ደካማው በቀጥታ ይደገፋል። ችግሩ ያው «ማን ነው ድሃ?» የሚለው ነው፤ ኮሚቴ መርጦ ቅሬታ የሌለበት ቀበሌ መኖሩን እጠራጠራለሁ። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1601 በወጣ ሕግ በየደብሩ የድሃ ግብር ያስከፍሉ ነበር፤ ከ1834 ወዲህ ግን ርዳታ ፈላጊውን ድሃ ቤት አስገብተው ባልን ከሚስት ይለዩ ጀመር። የአውራምባ አረጋውያን ከመንደራቸው አልወጡም፤ ጎረቤት እንደልቡ ይገባል፣ ይወጣል።

አውራምባ ሁሉም የሚተዋወቅበት ትንሽ መንደር ነውና ደብረ ታቦርን ለሚያክል ከተማ እንዳለ ይሠራል አልልም። ዕድሮቹ ግን ከቀብሩ ገንዘብ ቆንጠር አድርገው ለቁም ሰው ቢያውሉት ምን ይላቸዋል? አዲስ አበባ ውስጥ አንዳንድ ዕድሮች በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን ወላጅ አልባ ሕፃናትን መደገፍ ጀምረው ነበር።